ዮሴፍን ከዘፍጥረት ምዕራፍ 45 ብቻ ለሚያውቁት

ክህደት የደረሰበት ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሦስት አራት አባባሎች ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። መጽሐፍ ቅዱስ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እነዚህን አባባሎች መስማት ግን ሰልችቶኛል። ሁሉም ጥቅስ አላቸው። ጥቅሱን ገልጦ ከላይና ከታች ያለውን የሚያነብ ነው የጠፋው።

«ይሁዳ ምን ያድርግ? ተጽፎበት ነው።» አይደለም። ጌታ «የሰው ልጅስ ስለ እርሱ እንደ ተጻፈ ይሄዳል» ካለ በኋላ እዚያው ላይ ለከዳው ሰው «ወዮለት» ብሏል። ዮሐንስም ምዕራፍ 12 ላይ ይሁዳ የገንዘብ ከረጢቱን ይዞ ከውስጡ ይሰርቅ እንደነበር ጽፏል። 30ውን ብር የተቀበለው እጅ ቀድሞ የለመደ እጅ ነው።

«እግዚአብሔርን የሚታዘዝ ሰው አይከዳም።» ዮሴፍ የተሸጠው አባቱ ወንድሞችህን እይልኝ ብሎት፣ «እነሆኝ» ብሎ በሄደበት መንገድ ላይ ነው። ሴኬም ሲያጣቸው እንኳ አልተመለሰም፤ እስከ ዶታይን ተከተላቸው። 17 ዓመቱ ነበር። ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጡት። እባካችሁ፣ የተከዳን ሰው «ምን አጥፍተህ ይሆን?» አትበሉት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ይቅር ካልሽ እንደ ድሮው ማመን አለብሽ።»

አንዲት የማውቃት እህት ከባሏ ወንድም ጋር የእህል ሱቅ ነበራት። እቁብ ወጥቶላት ለጤፍ መግዣ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ይዞ ጠፋ። ከወራት በኋላ እያለቀሰ ተመለሰ። ለሽምግልና ተቀመጥን። «ይቅር ብዬዋለሁ» አለች፤ ከልቧ ነበር። ወዲያው አንዱ ሽማግሌ «እንግዲያው የሱቁን ቁልፍ መልሺለት» አላት። ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። «ዮሴፍ እኮ ወንድሞቹን አቅፎ ሳማቸው! ለእግዚአብሔር ቃል ታዘዢ እንጂ!»

እውነት ነው፣ ሳማቸው። ምዕራፍ 45 ላይ። ከዚያ በፊት ግን 42፣ 43 እና 44 አሉ። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ እርሱ ገዥ ወደ ሆነባት ግብፅ ሲመጡ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። አወቃቸው፤ ማንነቱን ግን አልነገራቸውም። ሦስት ቀን አሰራቸው። ስምዖንን ዓይናቸው እያየ አስሮ አስቀረው። ዘወር ብሎም አለቀሰ። ልቡ አልጨከነም ማለት ነው፤ ግን ቸኩሎ አልተገለጠም።

ሁለተኛ ሲመጡ ገበታ ላይ ለትንሹ ወንድማቸው ለብንያም ከሁሉም አምስት እጥፍ አስቀረበለት። አባታቸው ለዮሴፍ በሰጠው በአንድ ቀሚስ ቀንተው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ አሁንስ? ከዚያ የብር ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደበቀ። ትንሹን ትተው ነጻ የመሄድ ዕድል ሰጣቸው። ያን ጊዜ ከወንድሞቹ አንዱ፣ ይሁዳ የሚባለው፣ ወደ ፊት ቀርቦ በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ይህ ይሁዳ «ኑ እንሽጠው» ያለው ያው ሰው ነው። ዮሴፍ ራሱን መግታት ያቃተው እዚህ ላይ ነው። መሳሙም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዳዊትም እንደዚሁ። ሊገድለው ያሳድደው የነበረው ንጉሥ ሳኦል ተኝቶ ሳለ ሊገድለው ሲችል ተወው፤ ጦሩንና የውኃውን ዕቃ ብቻ ከራስጌው ወሰደ። ሳኦል «በድያለሁ፤ ልጄ ዳዊት ሆይ፥ ተመለስ» አለው። ዳዊት ከሩቅ ተራራ ላይ ቆሞ «አንድ ብላቴና ይምጣና ጦሩን ይውሰድ» ብሎ መለሰለት። ራሱ አልወሰደለትም፤ አብሮትም አልተመለሰም። ዳዊትን ለእግዚአብሔር አልታዘዘም የሚል ማን ነው?

ጴጥሮስም ፍም ዳር እየሞቀ ጌታን ሦስት ጊዜ ካደ። በኋላ ሌላ ፍም ዳር ሦስት ጊዜ ከራሱ ከጌታ «ትወደኛለህን?» ተባለ፤ እስኪያዝን ድረስ። በጎቹን አደራ የተባለው እየተጠየቀ ነው።

ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ይከበር። ቁልፍ መልስ የሚል ትእዛዝ ግን የለም። የምታስታርቁ ወንድሞችና እህቶች፣ «ይቅር ብያለሁ» ሲባል ቶሎ እልል አትበሉ። ገንዘቡ መቼ ይመለሳል? በስንት በስንት? በወረቀት ይጻፍ፤ ምስክር ይፈርም። የበደለው ሰው በዚህ ከተቀየመ፣ እንባው ለምን እንደነበር እወቁ። ተበዳይን ደግሞ በእግዚአብሔር ስም አታስፈራሩ።

ያን ቀን ይህንኑ ምዕራፍ በምዕራፍ አነበብኩላቸው። ሽማግሌው ደስ አላላቸውም፤ ውሉ ግን ተጻፈ። ባለፈው ሰሞን ወደ ሱቁ ጎራ ብዬ ነበር። ሰውዬው ጆንያ ተሸክሞ ያስገባል። እሷ ደብተሯ ላይ የዚያን ወር ክፍያ እየጻፈች ነበር። ምሳቸውን አብረው በሉ፣ እኔንም አጎረሱኝ። ቁልፉ በመቀነቷ ላይ ታስሯል።