የስማርት ሰዓት የቆዳ ማሰሪያ፦ የአሠራሩ ለውጥና የሰሜን ሸዋ ቆዳ

የሰዓት ማሰሪያ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ሁለት ቁራጭ ቆዳ፣ አንድ ዘለበት፣ ጥቂት ቀዳዳ። ስማርት ሰዓት ከመጣ ወዲህ ግን ሥራው በዝቷል። ድሮ የሚጠበቅበት ሰዓቱ እንዳይወድቅ መያዝ ብቻ ነበር። አሁን ሴንሰሩ ከገላ ሳይርቅ የልብ ምት እንዲያነብ የሚያደርገውም እሱ ነው። በአማርኛ ስለዚህ ነገር አንድ ላይ የተሰበሰበ ጽሑፍ እምብዛም ስለማይገኝ ያለውን አጠናቅሬአለሁ። የአፕል ዘመን ላይ ሰፋ ብሏል፤ ኩባንያው ስለ ራሱ ማውራት ይወዳልና። ደብረ ብርሃን ላይም ሰፋ ብሏል። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ አገሬ ነው።

ከሰዓት በፊት የነበረው ጠፍር

በሰሜን ሸዋ ቆዳን በቀጭኑ ቆርጦ አንድን ነገር ከሌላው ጋር ማሰር የቆየ ሙያ ነው። ሞፈርና ቀንበርን የሚያያይዘው ምራን ቆዳ ነው። አልጋው የሚወጠረው በጠፍር ነው። እህል በአቁማዳ ይጫናል፣ ጎራዴ አፎት ይገባል፣ ዳዊት በማሕደር ይንጠለጠላል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ጋሻውና ዝናሩ ሁሉ የቆዳ ሠራተኛ እጅ ይፈልግ ነበር።

የማልፋቱ ዘዴ አድካሚ ነው። ፀጉሩ ይነሳል፣ ሥጋው ይፋቃል፣ እንቧይና ቀንጠፋን የመሰሉ ዕፅዋት ይገቡበታል፣ በመጨረሻ በቅቤ ታሽቶ ይለሰልሳል። የዛሬ የውጭ የእጅ ባለሙያዎች በዕፅዋት የለፋ ቆዳ እያሉ በውድ የሚሸጡት ነገር በመሠረቱ ይኸው ነው። እኛ ጋ ግን ሙያው ክብር አላገኘም። ባለሙያው «ፋቂ» ተብሎ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከለከሉ። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልቆመም።

ከዚህ ዘመን የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር አለ። ጠፍር በእርጥቡ ታስሮ ሲደርቅ ይጨማደድና ይጠብቃል። ገበሬ ይህን ለጥቅሙ ያውለዋል። ለሰዓት ማሰሪያ ግን ዋናው ጠላት ይኸው ጠባይ ነው።

ሰዓት ክንድ ላይ ሲወጣ

የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት የማን ነው የሚለው ያከራክራል። ሰዓት ሠሪው የብሬጌ ቤት በ1810 እ.ኤ.አ. ለኔፕልስ ንግሥት የታዘዘውን የእኔ ነው ይላል። ማሰሪያው ፀጉርና የወርቅ ክር ተጎንጉኖ የተሠራ ነበር ይባላል። ፓቴክ ፊሊፕ ደግሞ በ1868 ለአንዲት የሃንጋሪ ባላባት የሠራውን ይጠቅሳል። ሁለቱም የሴት ጌጥ ናቸው። ወንዱ ሰዓቱን በኪሱ ነበር የሚይዘው።

ወንዱን ያስለወጠው ጦርነት ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የቦር ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የኪስ ሰዓታቸውን የቆዳ ስኒ በመሰለ ማቀፊያ ውስጥ ከትተው ክንዳቸው ላይ አሰሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽቦ እንደ ጆሮ የተበየደባቸው ሰዓቶች መጡ። ቆዳው በሽቦው ውስጥ ያልፋል። ካርቲዬ ለብራዚላዊው አብራሪ ሳንቶስ ዱሞን በ1904 የሠራው ሰዓትም የቆዳ ማሰሪያ ነበረው፤ ለገበያ የወጣው በ1911 ነው። በኋላ በውስጡ ሞላ ያለው ቀጭን ፒን መጣና ማሰሪያ በደቂቃ የሚቀየር ሆነ። 18፣ 20፣ 22 ሚሊሜትር የሚባሉት የዛሬ ልኮች በሁለቱ የሰዓት ጆሮዎች መካከል ያለውን ስፋት የሚናገሩ ናቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን አብራሪዎች ያደርጉት ነበር የሚባል አንድ ዓይነት ማሰሪያ አለ። ከሰዓቱ ሥር ሰፊ የቆዳ ንጣፍ አለው። የሰዓቱ ብረት በብርድም ሆነ በሙቀት ገላ እንዳይነካ ይከላከላል። ለደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከዚህ የተሻለ ነገር ማሰብ ይከብዳል። ይህን ንጣፍ አስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

ስማርት ሰዓት፦ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ

ፔብል የሚባለው ስማርት ሰዓት በ2013 ሲወጣ ተራ የ22 ሚሊሜትር ማሰሪያ ይቀበል ነበር። ይህ ትልቅ ቸርነት ነው። ማንኛውም ቆዳ ሰፊ ሊሠራለት ይችላል። በ2014 የወጣው የሞቶሮላ ሰዓት፣ ሞቶ 360፣ ቺካጎ ካለው ከሆርዊን ቆዳ ፋብሪካ በተገኘ ቆዳ ተሠርቶ መጣ። ነገር ግን ፒኑ ሰውነቱ ውስጥ ገባ ብሎ የተደበቀ ስለነበር ማሰሪያውን መቀየር ፈተና ነበር። ውበት ቀደመ፣ ጠጋኝ ተረሳ።

አፕል በመስከረም 2014 አስተዋውቆ በሚያዝያ 2015 ያወጣው ሰዓት ግን ጆሮውን ጭራሽ አስቀረው። የማሰሪያው ጫፍ በሰውነቱ ላይ በተቦረቦረ መስመር ተንሸራቶ ይገባና ቀጭ ብሎ ይያዛል። ለገዢ ድንቅ ነው። ለቆዳ ሠራተኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆዳ ብቻውን አይበቃም፤ ለልኩ የተቀረጸ የብረት ጫፍ ያስፈልጋል።

ያኔ ሦስት የቆዳ ዓይነት ነበር የቀረበው። አንደኛው ተራ ዘለበት ያለው ነው። ሁለተኛው ዘለበት የሚመስል ግን በማግኔት የሚጋጠም ነው። ሦስተኛው በጣሊያን ቆዳ የተሠራ፣ ውስጡ ማግኔት የተሰፋበት፣ ቀዳዳ የሌለው ነው። ጫፉን በቀለበት አሾልከህ ትስበዋለህ፤ የፈለግህበት ላይ ይጣበቃል። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ቀዳዳ በደረጃ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ይጠባል፣ ቀጣዩ ይሰፋል። የልብ ምት የሚያነብ ሰዓት ግን በመሃል ያለውን ነው የሚፈልገው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሰዓቱ ሆድ ላይ አረንጓዴ መብራት አለ። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር በክንድ የሚያልፈው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ይህን ልዩነት ነው የሚቆጥረው። ማሰሪያው ከላላ ሰዓቱ ይወዛወዛል፣ ብርሃን ያፈተልካል፣ ቁጥሩ ይቃወሳል። ያ የአብራሪዎች ንጣፍም በዚሁ ምክንያት ቀረ። ሆዱን ከሸፈንክበት ሰዓቱ ዕውር ነው።

በ2015 የፈረንሳዩ የፋሽን ቤት ኤርሜስ ክንድን ሁለት ጊዜ የሚጠመጠም ቀጭን ቆዳ ለአፕል ሠራ። በ2020 ደግሞ ቀዳዳ አልባው ማሰሪያ በሁለት ቁራጭ ተከፍሎ በሌላ የማግኔት ዓይነት ተተካ። ባለ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈት ቻርጅ ላይ ሰዓቱን በጎኑ ማስተኛት ግድ ይል ነበር።

ልክ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአፕል ማሰሪያ ሁለት ወገን ነው። 38፣ 40 እና 41 ሚሊሜትር የሚባሉት ሰዓቶች አንድ ናቸው፤ 42፣ 44፣ 45 እና 49 ሌላ ናቸው። በ2024 የወጣው ተከታታይ 10 ግን ትንሹን ሰዓት 42 አለው፣ ማሰሪያው ደግሞ የትንሾቹ ነው። ስለዚህ የድሮው 42 እና የአዲሱ 42 አይገጥሙም። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

በመስከረም 2023 አፕል ለአካባቢ ጥበቃ ሲል በምርቶቹ ሁሉ ቆዳ መጠቀም ማቆሙን አስታወቀ። በምትኩ ያመጣው ጨርቅ ቶሎ ይጫጫራል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ሌሎች ኩባንያዎች ጋ ግን ቆዳ አልጠፋም።

ገላ የሚነካው ወገን

ሌላው ብዙ የማይወራለት ለውጥ ገበሩ ነው። ድሮ ሰው ሲተኛ ሰዓቱን ያወልቃል። ስማርት ሰዓት ግን እንቅልፍ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ቀንና ሌሊት እጅ ላይ ነው። ላብ ይጠጣል። እጅ ስንታጠብ ይረጥባል። ጸበል ላይም ይረሳል። ሰዓቱ ውኃ ቢችልም ቆዳው አይችልም።

አብዛኛው የፋብሪካ ቆዳ የሚለፋው በክሮም፣ ማለትም በክሮሚየም ጨው ነው። በአግባቡ ካልተሠራ ክሮም ስድስት (VI) የሚባለው ዓይነት ሊፈጠርበት ይችላል፤ እሱ ደግሞ ገላን ያሳክካል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገላ የሚነካ ቆዳ ይህ ዓይነት ክሮም በኪሎግራም ከ3 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖረው ደንግጓል። ከአፕል ሰዓት ገበያ መውጣት ጋር የሳምንት ልዩነት ነው ያለው፤ መገጣጠሙ እንጂ ሌላ አይደለም።

የደብረ ብርሃን እጅ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ነው የቆረቆራት። በሱፍና በብርድ ልብስ ነው የምትታወቀው። የቆዳ እጇ ግን ከዚያ አያንስም።

አንድ ከሰዓት ላይ ጫማ ሰፊ ደንበኛዬ ጋ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ተማሪ መጣ። ከቻይና የመጣች አራት ማዕዘን ሰዓት ይዟል፤ የሲሊኮን ማሰሪያዋ ተበጥሷል።

«ጋሼ፣ በቆዳ ይሠራልኛል?»

«ጫፏን አልጣልካትም አይደል?»

አልጣላትም። ጋሼ የሲሊኮኑን ጫፍ በካተር ቆርጦ ሰውነቱ ውስጥ የምትንሸራተተውን ክፍል ብቻ አስቀረ። እሷን መሥራት አይቻልም፤ እሷን ማዳን ግን ይቻላል። ከዚያ የተማሪውን ክንድ በክር ለካ። ላዩን ከከብት ቆዳ፣ ገበሩን ከበግ ቆዳ ቆረጠ። ጠርዙን በቢላ አሳስቶ በማስቲሽ አጣበቀና ጥቂት ጠበቀ። በወስፌ ቀዳዳውን አስተካክሎ ሰም በተቀባ ክር፣ በሁለት መርፌ ሰፋው። በሁለት መርፌ የተሰፋ አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። የማሽን ስፌት እንዲህ አይደለም። ዘለበቱ ከአሮጌ የሴት ጫማ የተነቀለ ነው። እንዴት እንዳማረበት!

ልጁ አድርጎት ስክሪኑን ነካው። 9:10 ይላል። «ሦስት ሰዓት ካለፈ ቆየ እንዴ?» አለ ጋሼ ከእጁ ላይ ቀና ሳይል። ሰዓቷ ከስልኩ ጋር ተለያይታ ቆማ ኖሯል፤ ያኔ አሥር ሰዓት ሆኗል።

አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀ የብረት ጫፍ ይሸጣል። እሱን አምጥተው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። ባለ ፒን ክብ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ምንም ችግር የለም። ቆዳውን ፒኑ ላይ አጥፎ መስፋት ነው፣ ልክ እንደ አባቶቻችን ሰዓት።

የመንዝ በግ

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ላቱ ወፍራም፣ ሱፉ ሸካራ። በርኖስና ባና የሚሠራው ከዚህ ሱፍ ነው። ቆዳው ግን ፀጉር ካላቸው በጎች ቆዳ ላላ ይላል። የኢትዮጵያ ቆዳ በዓለም ጓንት ሰሪዎች ዘንድ የተወደደው በፀጉራሙ በግ ነው። የጎረቤታችን የባቲ ፍየል ቆዳም የራሱ ስም አለው። የመንዙን ላይ ከማድረግ ገበር ማድረግ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ክንድ አይፈገፍግም። ለገበር ከሆነ ማንም አይበልጠውም ባይ ነኝ፤ የባቲ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል።

ትልቁ ጉዳት እከክ ነው። ቅማልና ሌሎች ጥገኛ ነፍሳት በጉ ላይ ሲራቡ ቆዳው ላይ ጠባሳ ይተዋሉ። በሱፉ ሥር አይታይም። ከለፋ በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ደጋ ላይ ይብሳል። ከዚህ ላይ የቢላ ብልሽት አለ፣ ጨው ሳይነካው የሚያድር ቆዳ አለ። በፋሲካ በአንድ ሌሊት የሚታረደው በግ ሁሉ ቆዳው በወቅቱ አይሰበሰብም።

መንግሥት ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ2000 ዓ.ም 150 በመቶ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ዓላማው እሴት እዚሁ እንዲጨመር ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። በኋላ ግን የበግ ቆዳ ዋጋ ወርዶ ሰው በዓል ሲያልፍ አጥር ሥር ሲጥለው አይተናል። ከአንድ በግ ቆዳ ስንት የሰዓት ገበር እንደሚወጣ ለሚያውቅ ሰው ማየቱ ያማል።

ቁልቁለቱ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማበር ዋሻን አልፎ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከብርድ ወደ ሙቀት ነው። ሙቀት ላይ ክንድ ያብጣል። ጠዋት ልክ የነበረው ቀዳዳ ከሰዓት ይጠባል፤ ልጁ ያላላዋል፣ ሰዓቷ የልብ ምት ማንበብ ትተዋለች። ማግኔት ያለው ሳብ ያደርገዋል። የእኛው ጋሼ ማግኔት የለውም። ስለዚህ ሲበሳ ቀዳዳዎቹን አቀራርቦ ይበሳል፣ ከተለመደው ሁለት ጨምሮ። «ሮቢት ትወርዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል መጀመሪያ።