ፎቶን በሳጥን መደርደር፦ የሐረር ፎቶ ቤቶች ሥራ

ሐረር ውስጥ ፎቶ ቤት ገብቶ ጉርድ ፎቶ ያልተነሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንድ ጊዜ ይነሱና ስምንት ፎቶ ተቆርጦ በፖስታ ይሰጥዎታል። ከመቆረጣቸው በፊት ስምንቱም በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድረው ነበር። ይህ አደራደር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያዎቹ ኮላጅ፣ ግሪድ ወይም ቴምፕሌት ይሉታል። ከጉርድ ፎቶ ተነስቶ እስከ ሰርግ አልበም፣ የልደት ባነር፣ የሙት ዓመት መታሰቢያና የምርቃት መጽሔት ድረስ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሒሳቡ ይቅደም። የተለመደው ጉርድ ፎቶ 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የፎቶ ወረቀቱ ደግሞ 10 በ 15። ወረቀቱን በአግድም ብናስቀምጠው አራት ፎቶ ጎን ለጎን 12 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። ሁለት ረድፍ ደግሞ ወደ ታች 8። በየመሃሉ ለመቁረጫ የሚሆን ነጭ ክፍተት ይተርፋል። ዐሥር ማስገባትም ይቻላል። ግን አምስቱ ጎን ለጎን 15ቱንም ሳንቲ ሜትር ይጨርሱታል። መቁረጫው ለጥቂት ከሳተ የአንዱ ጆሮ ከሌላው ጋር ይሄዳል። ስምንት የሚበቃው ለዚህ ነው። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ይፈልጋል። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ጉርድ 354 በ 472 ፒክስል ይሆናል፤ ሙሉ ወረቀቱ ደግሞ 1772 በ 1181። ፎቶሾፕ በተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ አዲስ ገጽ ሲከፈት እነዚህ ቁጥሮች በትክክል ካልገቡ ኋላ ላይ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ቴምፕሌት ማለት ባዶ ሳጥኖች የተሳሉበት ገጽ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ሌየር፣ ማለትም ለብቻው የሚንቀሳቀስ ንብርብር፣ አለው። ፎቶው ከሳጥኑ በላይ ይቀመጥና ኮንትሮል፣ አልት እና ጂ አንድ ላይ ሲጫኑ ከሳጥኑ የተረፈው ክፍል ይደበቃል። ክሊፒንግ ማስክ የሚባለው ይሄ ነው። የተደበቀው አልጠፋም። ፎቶውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየገፉ የሚታየውን መምረጥ ይቻላል፤ ሳጥኑ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከፎቶሾፕ 2019 እትም ወዲህ ደግሞ ፍሬም የተባለ መሣሪያ አለ። ሳጥኑን ስሎ ፎቶውን ጎትቶ መጣል ብቻ ነው። ፎቶሾፕ ለሌለው ጂምፕ በነፃ ይገኛል። ስልክ ላይም ካንቫና ፒክስአርት የተዘጋጁ ቴምፕሌቶች አሏቸው።

ችግሩ የሚመጣው ሳጥኑና ፎቶው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ብዙ ካሜራዎች የሚያነሱት 3 በ 2 በሆነ ቅርጽ ነው። ይህን እኩል ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ ሞልተን ስናስገባ የፎቶው አንድ ሦስተኛ ይቆረጣል። በሰርግ የቡድን ፎቶ ላይ ያ አንድ ሦስተኛ አክስትና አጎት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶዎቹን በአግድምና በቁም መለየት፣ ከዚያ ለእነሱ የሚሆን ቴምፕሌት መፈለግ ይሻላል። በተግባር የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቴምፕሌቱ ያምርና ፎቶው እንደምንም ተጎርዶ ይገባለታል። እኔ በበኩሌ ሃያ ሳጥን ያለው ገጽ ከልቤ አልወድም። ሁሉም ፊት ያንሳል፤ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

የጁገልን በሮች እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው ጥንታዊቷ ከተማ አምስት የቆዩ በሮች አሏት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። አምስት ፎቶ በሁለት ረድፍ፣ በሦስት ዓምድ ሲገባ አንድ ሳጥን ባዶ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው። ኋላ የተከፈተውን፣ መኪና የሚገባበትን ሐረር በርን ጨምሮ ስድስት ማድረግ አንዱ ነው። ሁለተኛው ለአንዱ በር የሁለት ሳጥን ቦታ መስጠት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያምራል፤ ገጹ ዋና ነገር ያገኛል። በሐረሪዎች ቤት ግድግዳ ላይ ሰፌዱና ሳህኑ ሲሰቀል እንዲሁ ነው፤ ትልቁና ትንሹ ቦታ ቦታውን ይይዛል። የጁገል ጠባብ መንገዶች ደግሞ የሚያስነሱት በቁም ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹን መደዳ በአግድም ላንሳ ቢሉ ግድግዳው አያስኬድም። ለእንደዚህ ዓይነት ፎቶ ረዣዥም ጠባብ ሳጥኖች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ።

ከሁሉም ትዕግሥት የሚፈትነው የምርቃት መጽሔት ነው። ሐረር የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ስለሆነች ሥራው እንግዳ አይደለም። በአንድ ኤ4 ገጽ ሦስት ዓምድ በአራት ረድፍ፣ ዐሥራ ሁለት ተመራቂ ይገባል፤ ከየፎቶው ሥር ስምና የመጨረሻ ቃል። ፎቶሾፕ ኮንታክት ሺት በተባለው መሣሪያ አንድ ፎልደር ሙሉ ፎቶ በራሱ ይደረድራል። ቅደም ተከተሉን የሚወስደው ከፋይሉ ስም ነው። እዚህ ላይ ፊደላችን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮምፒውተር ሀ እና ኀን እንደ አንድ አያይም። ሀይሉ ከፊት ሲሆን ኃይሉ ከተስፋዬ በኋላ ይገኛል። ስለዚህ ፋይሎቹን 001፣ 002 እያሉ ቀድሞ ቁጥር መስጠት ነው። የሚመረጠው ፎንትም የግዕዝ ፊደል ያለው መሆን አለበት፤ ካልሆነ በስሙ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ይደረደራል። ተመራቂ ስሙን የሚያየው አንዴ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ይሄን ቸል ማለት ነውር ነው።

ፎቶው ወደ ፎቶ ቤት የሚመጣበት መንገድም ውጤቱን ይወስናል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ይቀንሳል። በስልክ ሲታይ ያምራል፤ በትልቅ ሳጥን ሲታተም ይደበዝዛል። በፋይል መልክ መላክ ወይም በፍላሽ ማምጣት ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ቅጂ ይቀመጣል። ሌየሮቹን የያዘው ፒኤስዲ የተባለው የፎቶሾፕ ፋይል ደንበኛው ፎቶ ይቀየርልኝ ሲል ያስፈልጋል። ጄፔግ የተባለው ተራ የምስል ፋይል ለኅትመት ይሄዳል። ፕሪንተሩ ላይ ገጹን ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን የሚለው ምርጫ መጥፋትና መጠኑ 100 በመቶ መሆን አለበት። ያለዚያ 3 በ 4 ተብሎ የተሠራው ጉርድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያንሳል። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አትሞ በማስመሪያ መለካት፣ ከዚያ የቀረውን መልቀቅ ነው።