ጥቅል በጀት ምንድን ነው?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብር ሲያጥረው ምን ያደርጋል? መልሱ በአብዛኛው ብሩ በምን መልክ እንደተሰጠው ይወሰናል።

በአገራችን የቆየው አሠራር በጀቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ወጪ መደብ ኮድ መስጠት ነው። ፋይናንስ ክፍል የሠራ ሰው ኮዶቹን በቃሉ ይወጣቸዋል። 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6216 ምግብ፣ 6217 ነዳጅ፣ 6231 ውሎ አበል። ከአንዱ ኮድ የተረፈውን ወደ ሌላው ለማዞር የዝውውር ጥያቄ ይጻፋል፣ ፈቃድ ይጠበቃል። ሰኔ 30 ላይ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። የሰኔ የግዢ ጥድፊያ ምንጩ ይኼ ነው። ላቦራቶሪው ኬሚካል አልቆበት እያለ፣ ለቢሮ ዕቃ የተያዘው ብር እንዳይመለስ ተብሎ ወንበር ይገዛበታል።

በጥቅል በጀት ግን መንግሥትና ዩኒቨርሲቲው አስቀድመው በዕቅድ ይስማማሉ። ስንት ተማሪ ይማራል? ምን ምርምር ይሠራል? ከዚያ ገንዘቡ በአንድ ላይ ይለቀቃል። ለምን እንደሚውል የሚወስኑት የዩኒቨርሲቲው ቦርድና አመራር ናቸው። ኦዲት አይቀርም። የሚቀረው ለእያንዳንዱ ዝውውር ደጅ መጥናቱ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ውስጥ አለ። እሱን የተካው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 650ም ደግሞታል። ለዓመታት ግን ወረቀት ላይ ቀረ። በሩን የከፈተው በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ነው። የመጀመሪያው ራስ ገዝም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ነፃነቱ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። የተማሪውን ምግብ እንይ። ለረጅም ጊዜ ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው 15 ብር ነበር። ቁርስ፣ ምሳና እራት በ15 ብር! በኋላ 22 ብር ሆነ፤ 100 ብር የገባው በ2017 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ጤፉም ዘይቱም ሽንኩርቱም ሰማይ ነክቶ ነበር። ማንም በጀት ቀነስኩ አላለም። ግን ተቀንሷል፤ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ የሚገዛው ነገር ካነሰ ሌላ ስም የለውም። ተማሪ ደግሞ ጦሙን አያድርም። ስለዚህ ከጥገናው ይነካል፣ ከመጽሐፍ መግዣው ይነካል፣ ከአቅራቢው በዱቤ ይወሰዳል።

ጥቅል በጀት ይህን ጉድለት አይሞላም። ጉድለቱ ማን ላይ ይረፍ የሚለውን ውሳኔ ግን ከሚኒስቴር ወደ ግቢው ያመጣዋል። ቦርዱ ማብቃቃት ሲያቅተው ዓይኑን የሚጥለው የውስጥ ገቢ ላይ ነው። የማታ ትምህርት፣ የማማከር ሥራ፣ የሚከራይ ሕንፃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሱ የሚከፍል ተማሪ።

በዚህ መንገድ ቀድሞን የሄደው የኡጋንዳው ማኬሬሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በጀቱን መሸከም ሲያቅተው ዩኒቨርሲቲው ለከፋይ ተማሪዎች በሩን ከፈተ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከፋዮቹ መንግሥት ከሚያስተምራቸው በለጡ። ደመወዝ ተሻሻለ፣ የፈራረሰው ተጠገነ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል አዳራሾቹ ከአቅማቸው በላይ ሞሉ፤ ፋኩልቲዎችም ከፋይ ለመሳብ ተመሳሳይ ትምህርት እየከፈቱ ተሻሙ። ገበያ የሌለው የትምህርት ዘርፍ ወደ ዳር ተገፋ።

ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጥቅል በጀት ጀመረ ሲባል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የገንዘቡ መጠን ስለሚሰላበት ቀመር ነው። የሕክምና ተማሪ ከሕግ ተማሪ ይልቅ ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ቀመሩ ይህን ያያል? የገበያ ዋጋ ሲንር ገንዘቡ አብሮ ይጨምራል? ወይስ እንደ 15 ብሩ ዓመታት ይቆማል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ድሃው ልጅ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በወጪ መጋራት የሚማር ተማሪ የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ ይሸፍናል። የሚከፍለው ግን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። እጁ ላይ ምንም የሌለው የገበሬ ልጅ ሐኪም የሚሆነው በዚህ ነው። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በየዓመቱ ስንት ከፋይ፣ ስንት በወጪ መጋራት የሚማር ተማሪ እንደተቀበለ ጎን ለጎን አድርጎ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት።