የወረደ አክስል ምንድን ነው?

በ1932 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተሠራ ፎርድ የተበጀ ሆት ሮድ (ለፍጥነት ተብሎ የተሻሻለ አሮጌ መኪና) ፊት ለፊት ብትቆሙ፣ ከጎማ እስከ ጎማ የተዘረጋው ብረት ያለ ምንም መሸፈኛ ይታያችኋል። መሃሉ ወደ መሬት ዝቅ ብሏል፤ ጫፎቹ ግን ተቆልምመው ወደ ጎማዎቹ ይወጣሉ። የወረደ አክስል የሚባለው ይህ ነው።

ጥቅሙ የሚገባን ባሌስትራውን፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ የሚወዛወዘውን፣ «ቅጠል» በሚባሉ ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረቶች የተሠራውን ስፕሪንግ ስናውቅ ነው። በጭነት መኪኖች ላይ የለመድናቸው ባሌስትራዎች በሻንሲው ግራና ቀኝ በቁመት የተዘረጉ ናቸው። ፎርድ ግን ከሞዴል ቲ አንስቶ እስከ 1948 ድረስ ከፊት የሚያስገባው አንድ ባሌስትራ ብቻ ሲሆን እሱም አግድም የተጋደመ ነበር። ወገቡ በሻንሲው ላይ ይታሰራል፣ ሁለቱ ጫፎቹ አክስሉን ይይዛሉ። በ1932ቱ ሞዴል ባሌስትራው ልክ ከአክስሉ በላይ ስለሚቀመጥ የመኪናው አፍንጫ ከፍ ብሎ ይታያል።

በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ እንደ ሙሮክና ኤል ሚራጅ ባሉ ውሃቸው የደረቀ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ፍጥነታቸውን የሚፈትኑ ወጣቶች ይህን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ፈለጉ። ከባሌስትራው ላይ አንዳንድ ቅጠል መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ከተቀነሰ ባሌስትራው ይልፈሰፈሳል፣ ጉድጓድ ሲገኝም አክስሉ ከሻንሲው ጋር ይላተማል። የአክስሉን አንገት መቆልመም ግን ባሌስትራውን ሳይነካ ሻንሲውን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ባሌስትራው የሚወዛወዝበት ክፍተት እንደነበረው ይቀራል። ለእኔ የዚህ ሥራ ውበት እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ የእሳት ሥራ ነው። ጎማው ከሚታሰርበት ጫፍና ባሌስትራው ከሚያያዝበት ቦታ መካከል ያለው አንገት እስኪቀላ ይግላል፤ ከዚያም ተስቦ ይታጠፋል። የሳንዲያጎው ኢድ ስቱዋርት በዚህ ሙያ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ብረት ሲሳብ መቅጠኑ ስለማይቀር ጠንቃቃ ባለሙያ የቀጠነውን ቦታ በብየዳ ሞልቶ ያስተካክለዋል። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው የመሪ ዘንግ ከሌላ ብረት ጋር እንዳይጋጭም የመሪው ክንዶች አብረው ይታጠፋሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። አክስሉን ከኋላ የሚደግፈው የፎርድ ዘንግ መንታ ሆኖ ይነሳና ከካምቢዮው ሥር በአንድ ኳስ ላይ ይገናኛል። ካምቢዮው ወጥቶ በሌላ ዓይነት ሲተካ ዘንጉ ለሁለት ይከፈልና ጫፎቹ በሻንሲው ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ በወጣ ቁጥር አክስሉ መጠምዘዝ አለበት። የፎርድ አክስል ከጎን ሲቆረጥ እንደ ላቲኑ «አይ» ፊደል ያለ ቅርጽ ስላለው ጥምዘዛውን ይችለዋል። ክብ የቱቦ አክስል ግን አይጠመዘዝም፤ ጭንቀቱ ወደ ዘንጎቹና ወደ ማሰሪያዎቻቸው ይሄዳል፣ እነሱም ውለው አድረው ይሰነጠቃሉ። ቱቦው ክሮም ተቀብቶ ቢያምርም ከተከፈለ ዘንግ ጋር ፈጽሞ መጣመር የለበትም። ቱቦ የመረጠ ሰው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ትይዩ ዘንጎች ያሉትን አያያዝ ይጠቀም።