ሰሜን ሸዋ፦ ገብስ ከማሳ፣ ጎመን ከጓሮ፣ በርበሬ ከገበያ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ከውርጭ አገር ማንጎ አገር ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር ያልፋል። ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር አካባቢ ነው። የሰሜን ሸዋን ማዕድ የሚወስነው ከሁሉም በላይ ይኸው ቁልቁለት ነው። ሁሉን ነገር በራሱ መሬት የሚያበቅል ቤት እዚህ የለም። ራሱን ቻለ የሚባለው እህሉን ከማሳው፣ ጎመኑን ከጓሮው አግኝቶ፣ በርበሬና ጨውን ብቻ ከገበያ የሚገዛ ነው።

ደጋው የገብስ አገር ነው። መንዝ ላይ ጤፍ አይታሰብም፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሚመጣው ውርጭ ስንዴንም ባቄላንም አንዳንዴ በአንድ ሌሊት ያከስለዋል። ገብስ ቶሎ ስለሚደርስ ያመልጣል። በጎ ዓመት ከሆነ ደግሞ በበልግ ዝናብም ይዘራል፤ የበልጉ እህል የሚሰበሰበው የክረምቱ ረሃብ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ለደጋ ቤት ትልቅ ነገር ነው። በልግ ከቀረ ሐምሌና ነሐሴ ይከብዳሉ።

ከገብስ የማይሠራ የለም። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ገንፎው፣ ቅንጬው፣ ቆሎው፣ ጠላውና አረቄው ሁሉ ከእሱ ነው። ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ቆሎ የሚባለው፣ ገለባው በቀላሉ የሚለቀው ዝርያ ነው። በሶ ሲዘጋጅ ገብሱ በሙቀጫ ይሸከሸካል፣ ይነፋል፣ በብረት ምጣድ ላይ እየተማሰለ ይቆላል። ቀላ ሲልና ሽታው ቤቱን ሲሞላ ይወርዳል፤ ከዚያ ይፈጫል። አንዴ ከተፈጨ እሳት አይፈልግም። በውኃና በጨው ተለውሶ ጭብጦ ይሆናል፣ በማር ከተበጠበጠ ይጠጣል። መንገደኛም እረኛም በአቁማዳ የሚይዘው እሱን ነው። እንደ ገብስ ያለ ጥሩ አሰር ያለው እህል በየቤቱ እያለ፣ ከተማ ላይ ነጭ የፉርኖ ዳቦ የክብር ምግብ መሆኑ ለእኔ አይገባኝም።

ወደ ሞረትና ጅሩ ሲኬድ መሬቱ ይለወጣል። ኮትቻ የሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ይዞ ይተኛል፣ የተዘራውን ያበሰብሳል። እነዋሪ አካባቢ ሴቶችና ልጆች ከእርሻ በኋላ አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ከላይ ይተርፋል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። በኋላ ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሠሩ መነሻቸው ይኸው የእጅ ሥራ ነበር። ምንጃር በጤፉ ይታወቃል፤ ዝናቡ ሲያበቃ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራ ያበቅላል። እሸቱ ከነአገዳው መንገድ ዳር ይሸጣል።

ቆላው ማሽላና በርበሬ አለው፤ በመስኖ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ ያወጣል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ማሾ የሚባለው ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬም በብዛት ይዘራል፤ ግን አብዛኛው ለገበያ ነው፣ ድስት ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው።

የዚህ አገር ምግብ ጥንካሬው ጥራጥሬ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም የሁዳዴ 55 ቀን፣ ሥጋና ወተት ስለማይነካ ባቄላ፣ አተርና ምስር የቤቱ ምሰሶ ሆነዋል። ሽሮ የዕለት ነው። ስልጆ ግን ጊዜ ይፈልጋል፦ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ይገነፋል፣ ሲበርድ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፣ ጤና አዳም ጣል ይደረግና ተከድኖ ለቀናት ይብላላል። ባቄላውን አብቅሎ ቦቆልት ማድረግም የቆየ ብልሃት ነው። ማብቀልና ማብላላት በእህሉ ውስጥ ያለው ብረትና ዚንክ ለሰውነት እንዲቀል ያደርጋሉ። ጥንቃቄ የሚሻው ጓያ ነው። ድርቅን ስለሚችል በክፉ ቀን እሱ ይገኛል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግርን ያሽመደምዳል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

ድክመቱ ጓሮ ላይ ነው። አመድና ጥራጊ ስለሚደፋበት ከቤት አጠገብ ያለው አፈር ከሩቁ ማሳ ይሻላል፤ ሆኖም ብዙ ቤት ላይ ከጥቂት እግር ጎመንና ከጌሾ አያልፍም። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ለደጋው ይስማማሉ፤ ቀይ ሥርና ካሮት ሲሞከሩም ይይዛሉ። ጎመን በዘይት ወይም በቅቤ ተቁላልቶ ሲበላ ለዓይን የሚጠቅመው ቫይታሚን ኤ በደንብ ይገባል። እንቁላሉስ? ዶሮዋ የምትጥለው አብዛኛው ገበያ ይወጣና ጨውና ሳሙና ሆኖ ይመለሳል። ልጆቹ በሶ ጠጥተው ይውላሉ። በግም እንደዚያው ነው። የመንዝ በግ የቤቱ ባንክ ነው፤ የሚታረደው ለበዓል፣ የሚሸጠው ለማዳበሪያና ለትምህርት ቤት ወጪ ነው።

ጓሮው እንዳይሰፋ ከሚይዘው አንዱ ኩበት ነው። ደጋው እንጨት አጥሮታል፤ ፍግ መሆን የነበረበት እበት ተጠፍጥፎ ይነዳል። ባሕር ዛፍ ይህን ቀለል ቢያደርገውም መሬት ይሻማል። ቀድሞ ገበሬው ደከም ያለ መሬቱን ጓይ እያደረገ፣ ማለትም አፈሩን ከምሮ እያቃጠለ ገብስ ይዘራበት ነበር። አንድ ሁለት ምርት ይሰጥና መሬቱ ለዓመታት ያርፋል። አሁን የሚያሳርፍ ማን አለ?

ማስቀመጡ ለደጋ ሰው አይከብድም። ብርዱ ነቀዝ ስለማያበዛ ገብስ በጎታ ውስጥ ይከርማል። ጤፍም ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ አይደፍረውም። ቆላ ላይ ማሽላና ሽምብራ ቶሎ ይነቅዛሉ፤ ለዚህ አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ጠቅሟል። የባቄላው ነገር ግን ለደጋውም ያሰጋል። ባለፉት አሥር አሥራ አምስት ዓመታት ቆርምድ የሚሉት፣ የባቄላውን ቅጠልና አገዳ የሚያሳብጥ በሽታ ደጋውን አዳርሶታል። ባቄላ የተዉ ቤቶች ምስርና አተር እየዘሩ ነው፤ የሽሮ ባቄላቸውን አሁን ከገበያ ይገዛሉ።