የቡድን ክስ ምንድን ነው? ዝም ያለ ሰውስ ከየት ይቆጠራል?

ባለፈው ፋሲካ ቡሬ አጎቴ ቤት ነበርኩ። ምሳ ላይ እያለን የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለ። «ኢሜይል መጣልኝ» አለ። «አንድ ኩባንያ ተከሷል፤ አንተም ከከሳሾቹ ወገን ነህ ይላል። እኔ ማንንም አልከሰስኩም። ሌባ ይሆን እንዴ?»

ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር አጎቴም ሰሙት። «አንተ ሳትፈርም ማን ወክሎህ ይከሳል?» አሉ።

ልክ ናቸው። የቡድን ክስ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄው ነው።

የቡድን ክስ ማለት በአንድ ዓይነት አድራጎት የተጎዱ ብዙ ሰዎች ሁሉም ችሎት ሳይመላለሱ፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቱ ስለ ሁሉም ሆነው የሚከሱበት መንገድ ነው። መዝገቡ አንድ ነው፤ ቀጠሮው አንድ ነው፤ ፍርዱም አንድ ነው። የሚጠቅመውም የእያንዳንዱ ሰው ጉዳት ትንሽ ሲሆን ነው። ለብቻው ቢከስ የጠበቃውና የትራንስፖርቱ ወጪ ከሚያገኘው ይበልጣል። ስለዚህ ይተወዋል። አጥፊው ደግሞ ሰው እንደሚተወው ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ ነገሩ የሚመራው በፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23 ነው። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተሻሻለ ወዲህ፣ የገንዘብ ካሳ በሚጠየቅባቸው የቡድን ክሶች ዝም ያለ ሰው እንደገባ ይቆጠራል። ማስታወቂያ ይላክለታል። «እኔን አውጡኝ» ብሎ በጊዜው ካላሳወቀ ውጤቱ እሱንም ያስረዋል። የአክስቴ ልጅ ሳይፈርም «ከሳሽ» የሆነው በዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። እንደገባ ተቆጠረ ማለት ገንዘቡ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የካሳ ጥያቄ ቅጽ መሙላት አለበት። ፌስቡክን ውሰዱ። ከተጠቃሚዎች የግል መረጃ ጋር በተያያዘ ቀርቦበት የነበረው ክስ በ725 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2007 እስከ ዲሴምበር 2022 ባለው ጊዜ አሜሪካ ሆኖ ፌስቡክ የነበረው ሰው ሁሉ መጠየቅ ይችል ነበር። ቅጹ የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን ኦገስት 25 ቀን 2023 ነበር። ያንን ቀን ያሳለፈ ሰው ድርሻ አላገኘም። ቀድሞ «አውጡኝ» ካላለም በዚያው ጉዳይ ለብቻው የመክሰስ መብቱ ቀርቷል። ዝም ብሎ ሁለቱንም አጣ ማለት ነው።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት አጭር ነው። ኢሜይሉ ላይ ያለውን ሊንክ አትንካ፤ የፍርድ ቤቱንና የመዝገቡን ቁጥር ይዘህ ራስህ ፈልግ። ቅጽ ለመሙላት ገንዘብ ክፈል የሚልህ ካለ ሌባ ነው። የጠበቆቹ ክፍያ ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከስምምነቱ ገንዘብ ላይ ነው የሚነሳው፤ ከአንተ ኪስ አይደለም።

ወደ እኛ እንምጣ። በእኛ ሕግ ዝም ያለ ሰው የለበትም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 ላይ የውክልና ክስ አለ። ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ አንዱ ወይም ጥቂቱ ስለ ሁሉም ሊከሱ ይችላሉ። ግን ባለጉዳዮቹ ሁሉ በዚህ ውክልና መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማሳመን አለባቸው። የአጎቴ ጥያቄ እዚህ መልስ አለው፤ ሳትስማማ ማንም ወክሎህ አይከስም። አንቀጽ 35 ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ብዙ ሰዎች ሁሉም ከሳሽ ሆነው በአንድ ማመልከቻ ተጣምረው መግባት ይችላሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37ም ማኅበራት ስለ አባሎቻቸው፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎችም ስለ ቡድናቸው ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ይህን ሁሉ ሳስረዳ አጎቴ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ያምናው በቆሎስ?» አሉኝ።

አምና ሰኔ ላይ አንድ የ12.5 ኪሎ ከረጢት ምርጥ ዘር ገዝተው ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) ዘርተው ነበር። አሥር ቀን ጠበቁ። የበቀለው እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ነው። የጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። ዝናቡ አያስጠብቅም፤ ገልብጠው አርሰው ዳጉሳ ዘሩበት። ለሻጩ ሄደው ተናገሩ። መልስ የለም። በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። የእርሳቸው የአንድ ከረጢት ጉዳት ጠበቃ አያስቆምም። የአርባ አባወራ አርባ ከረጢት ከአንድ ዓመት ሰብል ጋር ግን ያስቆማል። የሚያሸንፉት ወይም የሚሸነፉት ደግሞ በማስረጃ ነው። ማሳው ሲገለበጥ ማስረጃውም አብሮ ተገለበጠ። ከመገልበጡ በፊት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ መጥቶ ቢያይ፣ በጽሑፍ ቢያስቀምጥ፣ አንድ ልጅ ማሳውን በስልክ ፎቶ ቢያነሳ ብዙ ይቀል ነበር። ደረሰኙ፣ ከረጢቱ ላይ የተሰፋው ወረቀትና የሎት ቁጥሩ (ዘሩ ከየትኛው ዙር ምርት እንደሆነ የሚለየው ቁጥር) ደግሞ ሁሉም የገዙት ዘር አንድ መሆኑን ያሳያሉ። የተገዛው የተለያየ ከሆነ «ተመሳሳይ ጥቅም» የሚለው ነገር ይላላል።

ስም ዝርዝሩም ጣጣ አለው። ማን ስንት ከረጢት እንደገዛና ስንት ቃዳ እንደዘራ ከስሙና ከፊርማው ጎን መጻፍ አለበት። ካሳው ሲመጣ የሚከፋፈለው በዚህ ነው። «እኩል እንካፈላለን» ተብሎ የተጀመረ ብዙ ጊዜ በጠብ ያልቃል። ተወካዩስ መታረቅ ይችላል? ብሩን ማን ይቀበላል? ይህም ከመጀመሪያው ውክልናው ላይ ይጻፍ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ክፍያውን ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ጊዜው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዕቃ ጉድለት ያገኘ ገዢ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ሻጩ ሆን ብሎ ካላታለለው በቀር ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ ይቀራል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) 2 ዓመት ነው። ሽማግሌ መላክ ጥሩ ነው፤ ግን ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ቀኑ እየሄደ መሆኑ መረሳት የለበትም።

በጣቴ ቆጠርኩ። አጎቴ ለሻጩ የተናገሩት ሰኔ ላይ ነው። ሁለት ወር ገደማ ቀርቷቸዋል። «ሲናገሩ ማን ነበር?» አልኳቸው። ሁለት ጎረቤቶች አብረዋቸው ነበሩ።

ተነስተው ጓዳ ገቡ። ከረጢቱን ይዘው ወጡ፤ በርበሬ ተቋጥሮበታል። በርበሬውን ሰፌድ ላይ ገልብጠው ከረጢቱን አራገፉትና አፉን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ወረቀቱ እንደተሰፋ ነው። ጠርዙ ቀልቷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል።