ጉበት በስብ መሞላት ምንድን ነው? የወፈረች ድመት ሳትራብ የምትከሳበት መንገድ

ድመት ከልክ በላይ ስትወፍር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው «ትንሽ ትራብ፣ ይቀልላታል» የሚለውን ነው። ወፍራም ድመት ግን ሁለትና ሦስት ቀን ምግብ ካጣች ልትሞት ትችላለች። ለዚህ ምክንያቱ ሐኪሞች ሄፓቲክ ሊፒዶሲስ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ፋቲ ሊቨር የሚለው ሕመም ነው። በአማርኛ ጉበት በስብ መሞላት እንበለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እየበላች ያለችውን ድመት ሳይሆን፣ ወፍራ ሳለች በድንገት መብላት ያቆመችውን ነው።

ድመት አዳኝ ናት። በተፈጥሮዋ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ትበላለች፤ ሰውነቷም በየዕለቱ ከሥጋ የሚገኝ ፕሮቲን ይፈልጋል። ምግብ ሲቋረጥባት በሆዷና በቆዳዋ ሥር የተከማቸው ስብ እየተፈታ በደም በኩል ወደ ጉበት ይጎርፋል። ጉበት ከፊሉን አቃጥሎ ኃይል ያደርገዋል፤ የቀረውን ከፕሮቲን ጋር አሽጎ ወደ ደም መመለስ አለበት። ማሸጊያው ፕሮቲን ደግሞ የሚመጣው ከምግብ ነው፤ ምግብ ግን የለም። በገበያ ቀን ወፍጮ ቤት ምን እንደሚመስል አስቡት። እህሉ በጆንያ በጆንያ ይገባል፣ የሚፈጨው ድንጋይ አንድ ነው፣ እያደር በሩ ራሱ በጆንያ ይዘጋል። የጉበት ሴሎችም እንዲሁ በስብ ጠብታ ይታፈናሉ፤ ጉበቱ ያብጣል፣ ሐሞት መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ ድመቷን ያቅለሸልሻታል፤ ስለሚያቅለሸልሻት አትበላም፤ ስለማትበላ ሌላ ስብ ይጎርፋል። ወፍራሟ ከቀጭኗ ይልቅ የምትጎዳው የሚጎርፈው ስብ ስለሚበዛባት ነው።

ምልክቶቹን ቀድሞ ማወቅ ነፍስ ያድናል። ድመቷ ወደ ሳህኗ ሄዳ አሽትታ ትመለሳለች፤ ትተኛለች፤ ልጋጓ ይዝረበረባል ወይም ያስመልሳታል። ቀጥሎ የዓይኗ ነጭ ክፍል፣ ድዷና የጆሮዋ ውስጠኛ ቆዳ ወደ ቢጫ ያደላል። የጀርባዋ ጡንቻ ሲሟሽሽ የሆዷ ስብ ግን እዚያው ይቀራል። ቢጫነቱ ከታየ የቤት መላ አልፏል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በአንገቷ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧዋ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ለሳምንታት መመገብ ነው። በወቅቱ የተጀመረላቸው ብዙ ድመቶች ይድናሉ፤ ያልተጀመረላቸው ግን አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ስለዚህ ለማክሳት ከመነሳታችሁ በፊት በእርግጥ መወፈሯን አጣሩ። ሆዷ የተነፋው ድመት ያረገዘች (እርግዝናዋ 9 ሳምንት ገደማ ነው)፣ የአንጀት ትል ያለባት ወይም በሆዷ ውኃ የቋጠረች ልትሆን ትችላለች፤ እነዚህን ምግብ ቀንሶ ማስተካከል አይቻልም። ስትራመድ ከኋላ እግሮቿ ፊት የሚወዛወዘው ልል ቆዳ ደግሞ ብዙ ጤነኛ ድመቶች ያላቸው ነገር ነው። እርግጠኛው መለኪያ የጎድን አጥንቷ ነው። አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጀርባውን በሌላው እጅ ጣቶች ዳብሱት፤ የጎድን አጥንቷ እንደዚያ በቀላሉ ከተገኘ ጥሩ ላይ ናት። እንደ ጨበጣችሁት ቡጢ አንጓ ከጎረበጠ ከስታለች። የመዳፋችሁን ሥጋማ ክፍል የመዳበስ ያህል ከሆነ፣ ወይም ተጭናችሁም አጥንት ካላገኛችሁ፣ ወፍራለች። የእንስሳት ሐኪሞች ይህንን ከ1 እስከ 9 በነጥብ ይሰጡታል። 5 ጥሩ ነው፤ ከ5 በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ከተገቢው ክብደት 10 በመቶ ያህል መብለጥ ማለት ነው።

ሒሳቡን በአንዲት ድመት እንየው። 5.2 ኪሎ ትመዝናለች፣ ነጥቧ 8 ነው። 30 በመቶ በልጣለችና 5.2ን ለ1.3 ስናካፍል ተገቢ ክብደቷ 4 ኪሎ ይሆናል። የምግቧ መጠን የሚሰላው በዚህ በ4 ኪሎው ነው፤ በአሁኑ ክብደቷ ብታሰሉት ውፍረቷን ትመግቡታላችሁ። በስልክ ካልኩሌተር 4 × 4 × 4 አባዙ፣ 64 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱን ሁለት ጊዜ ውሰዱ፣ 2.83 ይሆናል፤ በ70 ስታባዙት 198 ኪሎ ካሎሪ (በተለምዶ ካሎሪ የሚባለው) ታገኛላችሁ። ተኝታ የምትውል የ4 ኪሎ ድመት ሰውነት የሚፈልገው ይህን ያህል ነው። ለማክሳት ከዚህ 80 በመቶውን፣ ማለትም 158 ካሎሪ በቀን ትሰጣላችሁ። ተገቢ ክብደቷ 3.5 ኪሎ ለሆነች 143፣ 4.5 ለሆነች 173 ይደርሳል። ያለ ሐኪም ከዚህ በታች አትውረዱ፤ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑና ቫይታሚኑም አብሮ ይጎድላልና።

ደረቅ የድመት ምግብ በ100 ግራም አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 420 ካሎሪ አለው፤ ትክክለኛው ቁጥር በብዙ ከረጢቶች ጀርባ ተጽፏል። 380 ነው ብንል የ4 ኪሎዋ ድመት የቀን ድርሻ 37 ግራም ደረቅ ምግብና ለማባበያ 12 ግራም የተቀቀለ ዓሣ ነው። 37 ግራም በዓይን ሲታይ ያስደነግጣል፤ ስለዚህም ነው በእፍኝ የሚሰፍር ሰው ሁልጊዜ የሚያበዛው። ሲኒውም ከቤት ቤት ይለያያል። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌላችሁ ባለሱቁን 260 ግራም በዲጂታል ሚዛኑ እንዲመዝንላችሁ ጠይቁና ሰባት እኩል ፌስታል ላይ አካፍሉት፤ የሳምንቷ ነው። የቀኑን ድርሻ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጧት። ከረጢት ስትመርጡ ፕሮቲኑ ከፍ ያለውን፣ 35 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን አስቀድሙ፤ ስትከሳ ጡንቻዋ ሳይሆን ስቧ እንዲቀንስ የሚያግዘው እሱ ነው።

ወደ 158 በአንድ ቀን መዝለል አያስፈልግም። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት አሁን የምትበላውን ሁሉ መዝኑ። 60 ግራም ከሆነ ወደ 52፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 45 እያላችሁ ውረዱ። የምግብ ዓይነት የምትቀይሩ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀላችሁ፣ ከሩብ ጀምራችሁ አሳድጉት።

ሐዋሳ ላይ ድመት የሚያወፍረው ብዙውን ጊዜ ከረጢት ሳይሆን ዓሣ ነው። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ፊሌቶው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭንቅላት፣ ቆዳና የሆድ ዕቃ ወደ ቤት ይመጣል፤ የተጠበሰው ትራፊም ይጨመራል። የተቀቀለ የቆሮሶ ሥጋ ራሱ ጥሩ ነው፤ በ100 ግራም 130 ካሎሪ ያህል ብቻ ያለው ፕሮቲን ነው። የሚያበላሸው ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ከ158ቱ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል። ጥሬ ዓሣ ዘወትር መስጠትም አይመከርም። አንዳንድ ዓሣዎች ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው፤ መቀቀል ያጠፋዋል። አጥንቱን ለቅሙ፣ ጨው አትጨምሩ። የቀቀላችሁበትን ውኃ አትድፉት፤ ለድመት ልብና ዓይን የግድ የሆነው ታውሪን የሚሟሟው እዚያ ነው። ይሁንና ዓሣ ወይም ሥጋ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም፤ በተለይ ካልሲየም ይጎድለዋል። ደረቅ ምግብ መግዛት የማይችል ቤት የእንስሳት ሐኪም አማክሮ መጨመሪያውን ቢያስተካክል ይሻላል።

ሽንኩርት የገባበት የዓሣ ሾርባና ወጥ ግን ፈጽሞ አይሆኑም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ጉዳታቸው አይጠፋም። ለአንዲት የ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ሽንኩርት ሊመርዛት ይበቃል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው።

እዚህ ላይ የጾሙን ነገር ማንሳት ግድ ነው። በ55ቱ የአቢይ ጾም ቀናት ልኳንዳው ይዘጋል፣ የቤቱ ማዕድ ሽሮና ምስር ይሆናል፣ ድመቷም እንጀራ በሽሮ ይቀርብላታል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል፤ ሰውነቷም አይረሳም። ወይ ሳትበላ ትቀራለች፣ ወይ ሽንኩርት ያለበትን ትበላለች። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ጮማና ቅባት በአንዴ ይወርድላታል። ወፍራም ድመት ያለው ቤት ጾሙ ከመግባቱ በፊት የእሷን ምግብ ለብቻው ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ በበዓሉም ቀን 37 ግራሟን ባይቀይር ይበጃታል።

ክብደቷን በየሁለት ሳምንቱ መዝኑ። ጤናማው ፍጥነት በሳምንት ከክብደቷ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ መቀነስ ነው። ለ5.2 ኪሎዋ ይህ በሳምንት ከ26 እስከ 52 ግራም ነው፤ በሁለት ሳምንት 100 ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ሰው በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይዛችኋት ቆማችሁ የእናንተን ብትቀንሱም አይበቃም፤ ስህተቱ ራሱ ከለውጡ ሊበልጥ ይችላል። በካርቶን አስገብታችሁ በሱቅ ዲጂታል ሚዛን መዝኗት፤ የካርቶኑን ክብደት ቀንሱ፤ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። በአራት ሳምንት ምንም ካልቀነሰች ድርሻዋን እንደገና ከመቁረጣችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ሌላ ቤት ትበላለች፣ ወይም ልጆች ከማዕድ ይወረውሩላታል፣ ወይም የሌላዋን ድመት ሳህን ትጨርሳለች። በሳምንት ከ2 በመቶ፣ ማለትም ለእሷ ከ100 ግራም በላይ ከቀነሰች ደግሞ አታመስግኗት፤ ምግቧን ጨምሩላት። 1.2 ኪሎ ትርፍ በዚህ ፍጥነት ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል።

ጨዋታው ትንሽ ያግዛል፦ ገመድ መጎተት፣ ምግቧን ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ። ክብደቱን የሚቀንሰው በዋናነት ሳህኑ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን ምግብ እምቢ ስትል ነው። «ሲርባት ትበላዋለች» ማለት እዚህ ላይ ያስገድላል፤ ድመት የጠላችውን ምግብ ሳትበላ ቀናት ልታሳልፍ ትችላለች። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ወደ ቀድሞው ምግቧ ተመለሱ፤ ለብ አድርጉት፣ ሽታው ይስባታል። ቀድሞ የምትወደውንም ካልነካች ወይም ሁለት ቀን ከሞላት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። በአካባቢያችን የብዙ ሐኪሞች ሥራ በከብትና በዶሮ ላይ ስለሚያተኩር፣ «ወፍራም ናት፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አልበላችም» ብላችሁ ደብተሩን አሳዩ። በስሪንጅ ወተት በግድ ማጋት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል፤ ምግቡንም የባሰ ያስጠላታል።

ያልታሰበ ረሃብም አለ። ዕቃ ቤት ተቆልፎባት መክረም፣ ቤት ሲቀየር መደንገጥ፣ ቤተሰቡ ለፍቼ ጨምበላላ ወይም ለመስቀል ገጠር ሄዶ ሦስት ቀን መቆየት፤ ለጉበቷ ሁሉም አንድ ናቸው። ስትሄዱ ምግቧን በቀን በቀን ከፋፍላችሁ ለጎረቤት ስጡ፣ መብላቷንም በስልክ ጠይቁ። ስኳር ይዟት ኢንሱሊን የምትወስድ ድመት ከሆነች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሐኪም ጋር ሥሩ፤ ስትከሳ የሚያስፈልጋት መድኃኒት ስለሚያንስ በዚያው መጠን ከቀጠለ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች።

4 ኪሎ ስትገባ ድርሻዋን በአንዴ ወደ ቀድሞው አትመልሱት። በየሁለት ሳምንቱ 10 በመቶ ያህል እየጨመራችሁ ክብደቷ የሚቆምበትን መጠን ፈልጉ፤ ከዚያም በወር አንድ ጊዜ ካርቶኗን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ሚዛን ተመለሱ።